የቀለም አጥር በኳስ ሜዳ ላይ

ኳስ የልጆች ጨዋታ ነው እያሉ የሚንቁ ሽማግሎች በአገራችን አይታጡም። እኔም ዕድሜዬ ስድሳን ካለፈ፣ ጠመኔም ከእጄ ከወጣ በኋላ ስለ ኳስ ስጽፍ የሚያየኝ ሰው «መምህሩ አረጁ መሰለኝ» ሳይል አይቀርም። ነገር ግን የኳስ ሜዳ የሰው ጠባይ የሚመዘንበት ቦታ ነው። በፍርድ አደባባይ ምስክር ይገዛል፤ በግብር ላይም ሥጋው በማዕረግ ይታደላል፤ በሜዳ ላይ ግን ኳሱን ያገባው ማን እንደ ሆነ ሕዝቡ ሁሉ በዐይኑ ያያል። ስለዚህ በቀለሙ ወይም በዘሩ የሚኮራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ሜዳውን ነው። አብሮ ተጫውቶ ያሸነፈን ሰው «አንተ ከእኛ ታንሳለህ» ቢሉት የሚያምን አይገኝምና።

በዚህች አጭር ጽሕፈት የቀለም አጥር በጨዋታ ሜዳ ላይ እንዴት እንደ ቆመና እንዴት እንደ ፈረሰ፣ አስቀድሜ ከአሜሪካ ቀጥሎም ከራሳችን አገር ታሪክ አመለክታለሁ። በመጨረሻም እኔ ራሴ በጎጃም ደጋ ላይ ስላቆምሁት አጥር እናዘዛለሁ። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። እኛ ለገና በዓል ሩሯን በዱላ እንደምንለጋ፣ እነርሱም ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ይጫወታሉ፤ ጨዋታውንም እንደ አገራቸው ምልክት አድርገው ይወዱታል። በ1884 እ.ኤ.አ. ሞዝስ ፍሊትውድ ዎከር የሚባል ጥቍር ሰው በቶሊዶ ከተማ ቡድን ውስጥ ከነጮች ጋር ተጫውቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የቡድኖቹ ባለቤቶች በመካከላቸው ተስማምተው፣ ለስድሳ ዓመት ያህል ጥቍር ሰው በታላላቆቹ ቡድኖች እንዳይገባ አደረጉ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። ጥቍር አይግባ የሚል አንቀጽ በጨዋታው ደንብ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። አለቆቹ ሲጠየቁ «የሚከለክል ሕግ የለም» ይሉ ነበር፤ እውነትም የተጻፈ ሕግ አልነበረም። የነበረው ዝምታ ብቻ ነው። አንዱ «እኔ ባስገባው ሌላው ይቀየመኛል» ይላል፤ ሌላውም እንዲሁ ይላል፤ በዚህ መካከል የሰው ዕድሜ ያልፋል። ጥቍሮቹ የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው ይጫወቱ ነበርና ከመካከላቸው ጆሽ ጊብሰን የሚባል እጅግ ብርቱ መቺ ተነሥቶ ነበር። እርሱም አጥሩ ሊፈርስ ሦስት ወር ሲቀረው፣ በጥር 1939 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ ሞተ።

ሚያዝያ 7 ቀን 1939 ዓ.ም. ጃኪ ሮቢንሰን የብሩክሊን ዶጀርስን ልብስ ለብሶ ወደ ሜዳ ገባ። ያስገባው የቡድኑ አስተዳዳሪ ብራንች ሪኪ ነበር። ሪኪ አስቀድሞ ሮቢንሰንን አስጠርቶ፣ የሚሰደበውን ስድብ ሁሉ እንዲታገሥና አጸፋ እንዳይመልስ ቃል አስገብቶት ነበር። ከራሱ ቡድን ውስጥ እንኳ «ከእርሱ ጋር አንጫወትም» ብለው ፊርማ ሊያሰባስቡ የሞከሩ ነበሩ። ሮቢንሰን ግን ስድቡን ዋጥ አድርጎ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመትም ከአዲስ ገቦች ሁሉ የበለጠ ተብሎ ተሸለመ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ እርሱ ይለብሰው የነበረው 42 ቍጥር ለክብሩ ሲባል ከታላላቆቹ ቡድኖች ሁሉ እንዲነሣ ተወሰነ። አንድ ሰው በሩን ከፈተ፣ አንድ ሰውም ገባ፤ ስድሳ ዓመት የቆመው አጥር በዚህ ተናደ።

«ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን» የሚል ቢኖር፣ እንዲህ ያለው አጥር በአዲስ አበባ ቆሞ እንደ ነበረ ያስታውስ። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ዋና ከተማችንን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቍር በሕግ ተለዩ። የነጮች ሰፈርና የአገሬው ሰፈር ተከፈለ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያም ለአገሬው ሰው ተብሎ ለብቻው የተከለለ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ኢጣልያዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ። በ1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ኢጣልያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል አገደ።

ኳስም ከዚህ አላመለጠም። ወረራው በተጀመረበት በ1928 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ቡድን መሥርተው ነበር። ጣልያኖች ይህን ስም አስጥለው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኙት፤ የአገሬው ቡድኖችም እርስ በርሳቸው እንጂ ከነጮች ጋር እንዳይገጥሙ ተደረገ። ነጩ እንዳይሸነፍ አስቦ ሜዳውን መክፈሉ፣ በራሱ ላይ እንደ መመስከር ይቈጠራል።

በዚያ ቡድን ውስጥ ይድነቃቸው ተሰማ የሚባል ወጣት ይጫወት ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. በጅማ የተወለደ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት የባለ ቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ነው። ከነጻነት በኋላ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በአንድ ሜዳ መግጠም ጀመሩ። ይድነቃቸው ለብዙ ዓመታት ለዚህ ቡድን ግብ እያገባ ተጫወተ፤ የአገሪቱ የስፖርት ሥራ በደንብ እንዲቋቋምም ደከመ። በወጣትነቱ ስሙ የተለወጠበትና ሜዳው የተከፈለበት ሰው፣ በጐልማሳነቱ ያን የመሰለ አጥር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ቀጥሎ እናያለን።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው እንዲደረግ ታስቦ፣ ዕጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኘ። ደቡብ አፍሪካ በዚያ ጊዜ በአፓርታይድ ሕግ የምትገዛ አገር ነበረችና ነጭና ጥቍር ቀላቅላ ልትልክ አልወደደችም። «ወይ የነጮች ቡድን፣ ወይ የጥቍሮች ቡድን እንልካለን» የሚል አሳብ አቀረበች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አሳብ ቸኵለህ አትለፈው፤ ሲሰሙት የዋህ ይመስላልና። ጥቍሮቹ አይጫወቱ አላለም። «ይጫወቱ፤ ነገር ግን ለብቻቸው» አለ። አዲስ የተወለደ ማኅበር ገና በመጀመሪያው ቀን ከአራት አባሎቹ አንዱን እንዳያጣ ሲል፣ «ለዚህ ጊዜ ይሁን፤ ወደ ፊት እናሻሽለዋለን» ለማለት ይችል ነበር። የካርቱሙ ጉባኤ ግን የተደባለቀ ቡድን ካልመጣ አንቀበልም አለ። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜው አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። «ኢትዮጵያ በዚህ ተጠቀመች እንጂ ምን ጐዳት» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሥ፤ ዋጋው ኋላ ተከፍሏል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ ተደረገ። የኢትዮጵያን ቡድን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ነበር። ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሉቻኖ በአሥመራ ከኢጣልያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው፤ ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ቡድን ውስጥ ነበረ፤ በፍጻሜውም ሁለቱም አንዳንድ ግብ አግብተዋል። የ1932ቱ የፋሽስት ሕግ አባት የሌላቸው ሊያደርጋቸው የፈለገ ልጆች እነዚህ ነበሩ። በነጩ ዘንድ ጥቍር፣ በጥቍሩም ዘንድ የጠላት ልጅ የሚባል ክልስ፣ ያን ቀን የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ቆመ። ካርቱም ላይ ከሌላው አገር የተጠየቀው የተደባለቀ ቡድን፣ በአዲስ አበባ በገዛ አገር ልጆች ታየ። ለሌላው የሚሰብክ ሰው እንዲህ በቤቱ ሲፈጽመው ቃሉ ክብደት ያገኛል።

የዓለሙ እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ግን እንደ ካርቱም ጉባኤ አልቈረጠም። በ1954 ዓ.ም. መግቢያ ደቡብ አፍሪካን አገደ፤ በጥር 1955 ዓ.ም. የፊፋው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ራውስ አገሪቱን ጐብኝቶ ከተመለሰ በኋላ እገዳው ተነሣ። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽንም ከካርቱሙ ጋር የሚመሳሰል ሌላ አሳብ አመጣ፤ ለ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ነጮችን፣ ለ1970ው ደግሞ ጥቍሮችን እንልካለን አለ። የአፍሪካ አገሮች አጥብቀው ስለ ተከራከሩ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ እገዳው ተመለሰ። ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1966 ዓ.ም. ስታንሊ ራውስ ለምርጫ ሲቀርብ ብዙዎቹ አፍሪካውያን ድምፅ ነሡት፤ ብራዚላዊው ዦአዎ ሃቬላንዥም ተመረጠ። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ፈጽማ ተሰናበተች። ከካርቱም እስከ ሞንትሪያል አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ስለ ዋጋው እንናገር። በየካቲት 1960 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካን ወደ ሜክሲኮ ጨዋታ ሲጋብዝ፣ «እንግዲያውስ እኛ አንመጣም» ካሉት የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ግብዣው በሚያዝያ ባይሻር ኖሮ፣ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ በማራቶን ያገኘው ወርቅ በቀረብን ነበር። በ1968 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ሳለ አቋሙ አልተለወጠም። የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለ ተጫወተ፣ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲቀሩ ኢትዮጵያም ቀረች። ያን ጊዜ ምሩጽ ይፍጠር በጕልበቱ ሙሉ የነበረ ሯጭ ነው። ሌላው አገር ሲሮጥ እርሱ ተቀምጦ ዋለ። አራት ዓመት ጠብቆ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነውና አራት ዓመት መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ስለማያውቃቸው የደቡብ አፍሪካ ልጆች ሲል የገዛ ልጁን ዕድል አስይዞ ነበር።

ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነቱ ሳለ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፈ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. ራሷ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ነጭም ጥቍርም ያለበት ቡድኗ ቱኒዝያን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ የቡድኑ አምበልም ኒል ቶቪ የሚባል ነጭ ነበር። በካርቱም የተጠየቀው የተደባለቀ ቡድን ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መጣ። የጠየቀው ሰው ግን አላየውም። ዛፍ የሚተክል ሽማግሌ ጥላውን እንደማያገኝ እያወቀ ይተክላል።

እስከዚህ ድረስ የሌላውን ሰው ታሪክ ጽፌአለሁ፤ መጻፉም ደስ ይላል። የሚቀጥለውን መጻፍ ግን ደስ አይልም።

በአገራችን ቀለም ባይለየንም፣ ሥራ ይለየናል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን አባቶቻችን ሲንቁና «ቡዳ ነው» ሲሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አሜሪካ ውስጥ አጥሩ ያለ ሕግ ቆመ፤ በእኛ አገር ደግሞ ሕግ እያለ ቆመ። በጎጃም ገበሬ የሚያርስበትን ማረሻ የሚሠራው ጠይቡ ነው፤ እንጀራውን እየበላን የሠሪውን እጅ ተጸየፍን።

በ1970ዎቹ ዓመታት በጎጃም ደጋ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር፤ የትምህርት ቤቱም የኳስ ቡድን በእጄ ነበር። በቡድኑ ውስጥ የጠይብ ልጅ ነበረ። ከእርሱ የተሻለ ተጫዋች በዚያ ትምህርት ቤት አላየሁም። ወደ ደብረ ማርቆስ ለውድድር ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ የሌሎቹ ልጆች አባቶች ሦስት ሆነው ወደ ቤቴ መጡ። አልተቈጡም፤ በአክብሮት ተናገሩኝ። «ልጆቹ በአንድ ቤት ሊያድሩ ነው፤ በአንድ መሶብም ሊበሉ ነው። ከጠይብ ልጅ ጋር እጃቸውን አንድ መሶብ ውስጥ አያስገቡም። ይጫወት ካሉም ይጫወት፤ ግን ለብቻው ይብላ፤ ለብቻው ይደር» አሉኝ።

እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ እኩል መሆኑን እየተማርሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለተማሪዎቼም ይህንኑ አስተምር ነበር። የካርቱሙን ነገርም ዐውቅ ነበር። ከፊቴ የቀረበልኝ ያው የካርቱሙ አሳብ መሆኑን ግን ያን ማታ አላስተዋልሁም፤ ወይም ላስተውል አልወደድሁም። «ለብቻው ይብላ» ማለት ለልጁ ውርደት መስሎ ታየኝ። ውርደቱን ላስቀርለት ብዬ ልጁን ራሱን አስቀረሁት።

በማግሥቱ ጠርቼ «ስታነክስ አይቼሃለሁ፤ እግርህን ለዚህ ጊዜ አሳርፈው» አልሁት። እግሩን ቍልቍል ተመለከተ። ቀጥሎም «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ደብረ ማርቆስ ላይ አሸነፍን። ብንሸነፍ ኖሮ «ያ ልጅ ለምን ቀረ» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ስላሸነፍን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ልጁም ከዚያ በኋላ ሜዳ አልወጣም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርቱንም ተወ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የተሰበረ መጥረቢያ ይዤ ወደ አንድ ጠይብ ቤት ሄድሁ። ወናፉን የሚያናፋው ትንሽ ልጅ ነው፤ ብረቱን የሚቀጠቅጠው ግን የቀድሞው ተማሪዬ ነበር። ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፤ በርጩማ አቀረበልኝ። ስለ ያን ጊዜው ነገር ልናገር ብዬ ጀመርሁና ቃሉ ጠፋኝ። እርሱ ቀድሞኝ፦

«ጋሼ፣ ያን ቀን እግሬ ደኅና ነበር» አለኝ።

«ዐውቃለሁ» አልሁት።

«እኔም እንደሚያውቁ ዐውቅ ነበር» አለና ብረቱን ወደ እሳቱ መለሰው። መጥረቢያውን ሠርቶ ሰጠኝ፤ ዋጋውንም እንደ ማንኛውም ሰው ተቀበለኝ። ይቅርታ አድርግልኝ ያልሁት ከቤቱ ደጅ ስደርስ ነው፤ «ይሁን» አለኝ። «ይሁን» ማለት ምን ያህሉ ይቅርታ፣ ምን ያህሉ መሰልቸት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልመረመርሁትም።

አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ ታሪኮች የተረዳሁት ይህ ነው። አጥር ሁሉ በር አለው፤ በሩ ላይም አንድ ሰው ተቀምጧል። በብሩክሊን ብራንች ሪኪ ተቀምጦ ነበር፤ በካርቱም ይድነቃቸውና ባልንጀሮቹ ተቀምጠው ነበር፤ በዚያች ትንሽ ከተማ ደግሞ እኔ ተቀምጬ ነበር። በሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደለም። «እኔስ በወደድሁ፤ ሰው አይቀበለውም እንጂ» የሚል፣ ትሑትና አስታራቂ የሚባል ሰው ነው። አጥሩም የሚቆመው በእርሱ ጫንቃ ላይ ነው። ሦስቱ አባቶች ሲመጡ «አይሆንም» ብላቸው ኖሮ፣ ምናልባት ልጆቻቸውን ይዘው ይቀሩ ይሆናል፤ ምናልባትም በጐዶሎ ቡድን ሄደን እንሸነፍ ይሆናል። ማሞና ምሩጽ የኦሊምፒክን ወርቅ ለማጣት ተሰልፈው ሳለ፣ እኔ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ለማጣት ፈራሁ።

ስለዚህ ዛሬ የምታስተምር ወጣት መምህር፣ ቡድን የምትመራ፣ ማኅበር የምትሰበስብ፣ ሠራተኛ የምትቀጥር ሰው ሆይ፣ አንድ ማታ ሰዎች በአክብሮት ወደ ቤትህ ይመጣሉ፤ «ይሁን፤ ግን ለብቻው» ይሉሃል። መልሱን ያን ማታ ለማሰብ አትሞክር፤ ጊዜ አይበቃህም። ከዛሬ ጀምረህ አዘጋጅተህ ጠብቃቸው። መልሱም አጭር ነው፦ «ቡድኑ አንድ ነው፤ መሶቡም አንድ ነው።»